በወንድማችን በላምብሮስ ስም

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አፖስቶሊስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? የታሱላስ ስኳር ወረደላት ወይ? ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እናንተ ዘንድ አሁን ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ዛፉ ሁሉ ቅጠል ለብሷል፤ ወንዙም የበረዶውን ውሃ ይዞ እየተንደረደረ ይወርዳል። እኛ ደህና ነን። ፎቲኒን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ልጃችን ቫያ ተሰሎንቄ ማስተማሯን ቀጥላለች። አክስት ማላሞም አለች፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ዓይኗ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ጆሮዋና ምላሷ ግን እንደ ድሮው ናቸው። ስለ ምላሷ ከዚህ በታች እጽፍልሃለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳችው ታሱላ ናት። ስለ አየሩና ስለ ቲማቲም አውርተን ዘጋሁት። አንተም ቤት ነበርክ፤ ከኋላ ስትስል ሰምቼሃለሁ። የስልክ ነገር እንዳልሆነ ሲገባኝ ብዕር አነሳሁ። እኔ ከድንጋይ ጋር እንጂ ከወረቀት ጋር አልተዋወቅሁም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በሆነበት ተራ እጽፈዋለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ በልተን እንደጨረስን ከያኒና የመጣ ታክሲ ደጃችን ቆመ። አንዲት አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ወረደች። በብብቷ የእንጨት ሣጥን ይዛለች። አባ ኒኪፎሮስ ናቸው ወደ እኔ የላኳት፤ በአባታችን ወፍጮ አጠገብ ያለው የቅድስት ፓራስኬቪ ጸሎት ቤት ግቢ የቤተሰባችን ነውና። «ስታሙላ እባላለሁ» አለች። «ያኒና፣ ከግንቡ በር አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረኝ።» ሱቁን ሳታውቀው አትቀርም። እናታችን ሃይዶ ከተማ ስንወርድ በዚያ መንገድ አታሳልፈንም ነበር፤ ሁልጊዜ በሐይቁ ዳር ታዞረን ነበር። እኔ ሐይቁን ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር።

አስገባናት። ፎቲኒ እንደ ወጉ የቼሪውን ጣፋጭ በማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃውን በብርጭቆ አቀረበች። አረቄም ቀዳሁላት፤ አልነካችውም። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አዲስ ነው፣ ቀለም አልተቀባም፣ ውስጡ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ትንሽ ያልፋል። የግንበኛ ዓይን መለካት ይወዳልና መጀመሪያ ያየሁት ልኩን ነበር።

«የመጣሁት ለወንድሜ ነው» አለች። «ሃምሳ ዓመት እናንተ ዘንድ ተኝቷል። ቤተሰባችሁ ደግ ነገር አድርጎልኛል፤ አልረሳውም። እኔ ግን አርጅቻለሁ። ያኒና በሚገኘው በአይሁዶቹ መቃብር ቦታ አለኝ። ከሞትኩ በኋላ እዚህ ማን ይጠይቀዋል? ዐፅሙን ልውሰድና ከጎኔ ይሁን።»

የትኛው መቃብር እንደሆነ ጠየቅኋት እንጂ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ። ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ መስቀል የሌለው፣ እናታችን ሻማ ታበራበት የነበረው ያ ጥግ ነው። ልጅ ሆኜ ስጠይቃት «ከአንተ በፊት የሞተ ልጅ ነው» ብላኝ ነበር። ስታሙላ ስትናገር ሌላም ነገር ገባኝ። በየዓመቱ ለቅድስት ፓራስኬቪ በዓል ግቢውን ስጠርግ እዚያ ጥግ ላይ ተደርድረው የማገኛቸውን ጠጠሮች የምታስቀምጣቸው እሷ ነበረች። አይሁዶች ለሙታኖቻቸው እንደዚያ ያደርጋሉ። በፀደይ አውቶቡስ ይዛ ትመጣለች፣ ድልድዩ ጋ ትወርዳለች፣ ጠጠሯን አኑራ በዚያው አውቶቡስ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ በበጋ እየለቀምኩ ወንዝ ውስጥ እወረውራለሁ። ልጆች የተጫወቱበት ይመስለኝ ነበር።

«እሺ» አልኳት። ምን እላለሁ? የሰው ዐፅም ለወገኑ ይገባል። «ሌላ ሰው አያስፈልግዎትም፤ እኔው ራሴ አወጣልዎታለሁ» ብዬ ተነሳሁ፤ ፎቲኒንም አካፋው የት እንዳለ ጠየቅኋት።

አክስት ማላሞ ከምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ ነበረች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያሸለበች መስሎኝ ነበር። በትሯን አንዴ ወለሉ ላይ መታችው።

«ቁጭ በል!» አለችኝ። «ማንም የማንንም ዐፅም አያወጣም!»

«አክስቴ፣ ወንድሟ እኮ ነው» አልኳት።

«ምን ሲደረግ ነው ወንድሟ? የእኛ ነው! የሃይዶ ልጅ ነው! በእነዚህ እጆቼ የገነዝኩት የራሳችን ላምብሮስ ነው! ወስዳ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ልትቀላቅለው?» ከዚያ ፊቷን ድምፁ ወደ መጣበት ወደ ስታሙላ አዞረች። «ያንቺማ፣ እናትዬ፣ ያውልሽ። ሊቆፍርልሽ አካፋ እየፈለገ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሆነው ጥቂት ነው። ፎቲኒ ትሪውን ለቀቀችው። ስታሙላ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሣጥኗን ታቅፋ ወጣችና ታክሲው ውስጥ ገባች። በመስኮት አየኋት። ባለታክሲው አንገቱን አዙሮ አንድ ነገር ጠየቃት፤ በእጇ ጠብቅ አለችው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ተቀመጠች። ስትመለስ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የግራ እግርህ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች የተጣበቁ ናቸው?»

ናቸው። አንተም ታውቃለህ፤ ወንዝ ስንወርድ «ዳክዬው መጣ!» እያልክ በልጆቹ ፊት ስታበሽቀኝ የኖርከው አንተ ነህ።

«ናቸው» አልኳት።

«የአባቴም እንደዚያ ነበሩ» አለችና ሄደች።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የአባ ኒኪፎሮስን የአጥር ግንብ ጀምሬ ነበርና ሁለት ረድፍ ድንጋይ ሠራሁ። በማግስቱ ሳየው ሁለቱም ረድፎች ጠምመዋል፤ አፍርሼ ደገምኳቸው። ምን ተሰማህ ብለህ ከጠየቅኸኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በማግስቱ አክስት ማላሞ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ከጀመረች ወዲያ የሚያስቆማት አልነበረም። አንተ የምታውቀውን ነው የምጽፍልህ፤ ነገር ግን እኔ ምን ያህል እንዳወቅሁ አንተ ማወቅ አለብህ።

በ1944፣ በፌብሩዋሪ፣ በረዶው መንገዱን ዘግቶ ነበር። የሁለት ዓመት ተኩሉ ላምብሮስ ጉሮሮው አብጦ በሦስት ቀን ሞተ። ከወፍጮው ቤት ወደ መንደሩ ማለፊያ ስላልነበረ ቄስ አልመጣም። አባታችን ዚሲስና አክስት ማላሞ በረዶውን ጠርገው ያለ ፍትሐት ቀበሩት። መንገዱ ሲከፈት አባታችን ዱቄት ጭኖ ወደ ያኒና ወረደ፤ አንተንም በቅሎውን እንድትስብለት ይዞህ ሄደ። ስትመለሱ በቅሎው ላይ ልጅ ነበረ። የክር ነጋዴው የዮሴፍ የመጨረሻ ልጅ፣ ማታትያስ። ዮሴፍ ከአባታችን ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረው። የአይሁዶቹ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች «ጀርመኖቹ እኛን አይነኩንም» ይሉ ነበር፤ የልጁ እናት ግን አላመነቻቸውም። ትልልቆቹን ልጆች አባትየው አልለቅም ስላለ ትንሹን ሰጠች። ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ በማርች 25፣ በረዶ እየጣለ፣ የያኒናን አይሁዶች በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው።

መንደሩ ላምብሮስ መሞቱን ገና አልሰማም ነበር። ስለዚህ እንዳይሰማ ተደረገ። መዝገቡ ላይ ላምብሮስ የዚሲስ ልጅ ሕያው ነው፤ ልጅም አለ፤ ልጅ የምትፈልግ እናትም አለች። ነገሩ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ገጠመ። በፀደይ ሰዎች ሲያዩኝ «ይሄ ልጅ ምነው ኮሰመነ?» አሉ። እናታችን «ታሞ ነው የተነሳ» አለቻቸው።

በሚቀጥለው ዓመት በመከር ስታሙላ መጣች። ከቤተሰቡ ከፖላንድ ከዚያ ካምፕ በሕይወት የተመለሰችው እሷ ብቻ ናት። አባት፣ እናት፣ ሁለት ወንድሞች አልቀዋል። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከያኒና እስከ ወፍጮው አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ሄዳ ወንድሜን ስጡኝ አለች። አክስት ማላሞ ልጅቷ ገና መንገድ ላይ ሳለች አየቻት፤ እኔን አንስታ የዱቄት ማጠራቀሚያው ሣጥን ውስጥ አስገባችኝ፤ ዝም እንድል ቴምር አፌ ውስጥ አደረገች። «ሳላስበው ነው ያደረግሁት» አለችኝ። «እጄ ነው ያደረገው።» አባታችን ወፍጮውን ሊያቆም ወጣ። እናታችን ልጅቷን አስቀምጣ ዳቦ አበላቻትና ልጁ በጉሮሮ በሽታ ሞቷል አለቻት። የሞተበትንም ሕመም፣ ሦስቱንም ቀን፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ሳይቀር ነገረቻት። ሁሉም እውነት ነበር፤ የሌላ ልጅ እውነት መሆኑ ነው እንጂ።

«መቃብሩን ማን አሳያት?» አልኳት አክስት ማላሞን።

«አፖስቶሊስ ነዋ» አለች። «ሃይዶ ልሂድ ብላ ተነሳችና ከደጃፉ ተመለሰች። አፖስቶሊስ እጇን ይዞ ወሰዳት።»

ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። ስለዚያ ቀን አልጠይቅህም። በአሥራ ሁለት ዓመት ሰው እናቱ ሂድ ወዳለችው ይሄዳል። ነገር ግን በ1957 ፒሬየስ ወደብ ስሸኝህ ሃያ አራት ዓመትህ ነበር። መርከቡ እስኪነሳ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሣጥንህ ላይ አብረን ተቀምጠን ስለ በቅሎው ስትነግረኝ ቆየህ። እናታችን ስትሞት ሠላሳ ስምንት ዓመትህ ነበር። በየገናው ትደውላለህ። ይህን የጻፍኩት ሰድቤህ እንዲወጣልኝ አይደለም፤ አያውቅም ብለህ እንዳታስብ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ያኒና ወረድኩ። ስታሙላ የምትኖረው ከድሮ ሱቋ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ፎቶግራፍ እንዳለ ጠየቅኋት፤ የለም። ከካምፕ ስትመለስ ቤታቸው ሌሎች ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ከቤቱ ያገኘችው አንድ የናስ ሙቀጫ ብቻ ነው። መቼ እንደተወለድኩ ጠየቅኋት። ከሟቹ ላምብሮስ በስምንት ወር አንሳለሁ። ወታደር ቤት ስምንት ወር ቀድሜ ገብቻለሁ ማለት ነው። ይህን ስላት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ጥርሶቿ እንደ ቫያ ጥርሶች ናቸው። ያን ሳይ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ።

የጨርቁንም ነገር ከእሷ ሰማሁ። እናታችን ስትሞት ሣጥኗ ውስጥ መቀስ ያልነካው ሃያ ጣቃ የሚያህል ጨርቅ አግኝተን እንደነበር ጽፌልህ ነበር። እኛ ቁጠባ መስሎን ነበር። ለካስ ስታሙላ ነበረች በየዓመቱ ለፋሲካ በባለ አውቶቡሱ እጅ የምትልክላት፤ «ወንድሜን እስከ መጨረሻው ላስታመመችልኝ ሴት» እያለች። እናታችን ለመመለስ ፈራች፣ ለመልበስም አልደፈረችም። ፎቲኒ ከጨርቁ የቤታችንን መጋረጃ ሠርታበታለች። ስታሙላ ሐሙስ ዕለት እንደገባች አውቃዋለች፤ «ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ከነገሩ በፊት ማለቴ ነው።»

ስለ እናታችን ምን እንደምታስብ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነገረችኝ። «እየዋሸችኝ ዳቦ አበላችኝ» አለች። «ርቦኝ ነበርና በላሁ። ነፍሷን ይማር ለማለት ገና አልደረስኩም። ምናልባትም አልደርስም። አንተም አትለምነኝ።» አልለመንኳትም። ለአክስት ማላሞ ግን ጥርስ የላትም ብዬ ነግሬያት ስለነበር ለስላሳ ብስኩት ላከችላት። አክስት ማላሞ ብስኩቱን በልታ «ይቅር ብላኛለች ማለት ነው?» ስትለኝ፣ «ብስኩት ነው አክስቴ፤ ብስኩት ብቻ ነው» አልኳት።

አሁን ላንተ ወደሚሆነው ነገር ልምጣ። ስታሙላ ስለ አንተ ጠየቀችኝ። «ያ ትልቁ ልጅ የት ገባ?» አለች። ሜልቦርን እንደሆንክ፣ ልጆች እንዳሉህ ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «መቃብሩ ጋ ስንደርስ እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ከዚያ ቦታ ከተመለስኩ ጀምሮ እንባ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ያ ልጅ ግን መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አፈሩን እየጨበጠ 'ወንድሜ' እያለ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ዓለም ለወንድሜ ያለቀሰ አንድ ክርስቲያን ልጅ አለ እያልኩ ኖሬአለሁ። ስለ ሰው ክፉ ሳስብ እሱን አስበው ነበር።» ከዚያ፣ «ለራሱ ወንድም ነበር ለካ» አለች። «ያም ሆኖ ያለቀሰው እንባ ውሸት አይደለም። እንዲህ ብላሃለች ብለህ ጻፍለት።» እነሆ ጻፍኩልህ። እኔ የጨመርኩበት አንድም ቃል የለም።

የመንደሩን ወሬ ደግሞ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ልንገርህ። ጠይቄ እንደተረዳሁት እኔ አልተጠመቅሁም። አክስት ማላሞ «ላምብሮስ ተጠምቋል። አንድ ስም ሁለቴ ክርስትና ሊነሳ ነው እንዴ? ቄሱንስ ምን ልንለው?» አለችኝ። ፎቲኒ ይህን ስትሰማ ድስቱን አውርዳ ወገቧን ያዘች። «ታዲያ በተክሊል አልተጋባንም ማለት ነው?» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካልሲህን ያጠብኩት በከንቱ ነው? አባቴ ያኔ ለዚያ ለባለ ፋርማሲው ልዳርሽ ሲለኝ እምቢ ያልኩት ላልተጠመቀ ሰው ነው?» ስትስቅ እያየኋት ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ድስቱን መልሳ ጣደችው።

አባ ኒኪፎሮስ ዘንድ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«አርባ ዓመት ሙሉ ያልተጠመቀ ሰው ዜማ እየመራልኝ ቀድሻለሁ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው፣ አባ» አልኳቸው። «እርስዎ የመጡት በ62 ነው።»

«ቀኝ ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቃለህ» አሉ። «ይህን የነገርከኝ በቀኝ በኩል ነው።» ከዚያ ግን ቀልዱን ትተው፣ ከፈለግህ ሰው ሳይሰማ አጠምቅሃለሁ፣ ካልፈለግህም ከቤተ ክርስቲያኔ አላስወጣህም አሉኝ። ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምቆመው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። አሁን የምትዘምረው የመምህሩ ልጅ ናት። ድምጿ ጥሩ ነው፤ ዜማው ላይ ግን ትቸኩላለች።

በሩ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሕያዋን ስም ሲጠራ ላምብሮስ ይባላል፤ የሙታን ስም ሲጠራ ግን ማንም ላምብሮስ አይልም። ለወንድማችን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም፣ ሙት ዓመት የለም፤ ስሙ እኔ ላይ ነበረና። ያኒና ምኩራብ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ለማታትያስ የሙታን ጸሎት ሲደረግለት ኖሯል። አንዱ ሞቶ ሳይፈታ፣ አንዱ ሳይሞት ተፈትቶ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም፤ ይህን ግን ማስተካከል እችላለሁ።

ስለዚህ ድንጋይ መረጥኩ። ከላይኛው የድንጋይ ካባ የመጣ፣ ጥሩ ነጭ ድንጋይ ነው። «ላምብሮስ የዚሲስ ልጅ፣ 1941–1944» ብዬ ቀርጬበታለሁ። ሥራዬን የምሠራው ደጃፌ ላይ ስለሆነ ያላየው የለም። ቡና ቤት ስገባ «ላምብሮስ፣ የራስህን ሐውልት ጠረብህ አሉ! የሞትክበት ዓመት ግን ተሳስቷል!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም የእናንተንም ለመጥረብ ልክ ልውሰድ ወይ አልኳቸው። ሳቃቸው ክፋት የለውም። ከመካከላቸው ሽማግሌው ካራጊዮርጎስ ብቻ አልሳቀም፤ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

በጁላይ 26፣ በቅድስት ፓራስኬቪ በዓል፣ ከቅዳሴው በኋላ ድንጋዩን እናቆማለን፤ አባ ኒኪፎሮስም ፍትሐቱን ያደርጉለታል። ፎቲኒ የስንዴውን ንፍሮ ትቀቅላለች። ዜማውን እኔ እመራለሁ፤ በግቢው፣ ከሰማይ በታች ስለሆነ ጥምቀት አያስፈልገውም ብለውኛል አባ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለመምህሩ ልጅ አስረክባለሁ። ስታሙላ ትመጣለች። መምጣት ግዴታ እንደሌለባት ነግሬያት ነበር፤ የእሷ ሟች እንዳልሆነ ታውቃለችና። «ለዚያ ልጅ ሃምሳ ዓመት ጠጠር አኑሬለታለሁ» አለችኝ። «አሁን የማን ልጅ እንደሆነ ስላወቅሁ ልተወው?»

ጋሼ፣ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛው፣ ወገብህ ከቻለ ለዚያ ቀን ና። ሠላሳ ሰባት ዓመት አልመጣህም፤ ለምን እንደማትመጣ አሁን ገብቶኛል። ከእንግዲህ የምትሸሸው ነገር የለም፤ ሁሉም ወጥቷል፤ ማንም አይገድልህም። ሁለተኛው፣ ብትመጣም ባትመጣም፣ ይህን ጻፍልኝ። ያን ዕለት ያኒና እናትየው እኔን ለአባታችን ስትሰጥ ስታሙላ ቤት አልነበረችም፤ የጥልፍ ትምህርት ሄዳ ነበር። አባታችን ሞቷል። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው በዓለም ላይ የቀረ አንተ ብቻ ነህ፤ የበቅሎውን ልጓም ይዘህ ነበር። ምን ለብሳ ነበር? ምን አለች? አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም? እኔስ? በሩ እንዴት ያለ ነበር? ትንሽ ናት ብለህ ምንም እንዳታስቀር። የምታስታውሰው የእጅጌዋን ቀለም ብቻ ከሆነም እሱኑ ጻፍልኝ። ለማሳመር ብለህ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር፤ በዚህ ቤት ያለፈው ይበቃል።

ታሱላን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ ስልኩን ቶሎ ስለዘጋሁባት ይቅር ትበለኝ። ለልጅህ ለዚሲስ ሰላም በልልኝ፤ ያ የወደብ ሥራ ከባድ ነው፣ ጀርባውን ይጠብቅ። እዚያ ሰዎች ሃይዲ እያሉ ለሚጠሯት ለልጅህ ለሃይዶ፣ የአያቷን ስም ይዛለችና፣ ይህን ደብዳቤ አንተ ካነበብከው በኋላ ስጣት፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ታውቅ። ለሕፃኑ ለልጅ ልጅህ ፎቲኒ የሠራችውን የሱፍ ካልሲ ለብቻው በጥቅል ልካለች። ቫያ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። አክስት ማላሞ ደግሞ፣ ቃል በቃል ጻፍ ስላለችኝ፣ «አፖስቶሊስ፣ ሳልሞት ና፤ ከሞትኩ በኋላ የመጣ ሰው አልወድም» ብላሃለች።

ከታች ስሜን ሳልጽፍ ትቼዋለሁ። ስታሙላ ማታትያስ ብላ ትጠራኛለች፤ አቤት እላለሁ። ፎቲኒ ላምብሮስ ትለኛለች፤ እሱንም አቤት እላለሁ። አንተ የቱን መርጠህ እንደምትጠራኝ ከመልስህ ፖስታ ላይ አያለሁ። የፖስታ አመላላሹ ሁለቱንም ያውቃል።

ወንድምህ

ፓሊዮሚሎስ፣ ከያኒና በላይ
ጁን 2 ቀን 1994